ጋምቤላ ላይ «ደክሜአለሁ» ማለት

እሁድ ጠዋት ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር የተገኘ ሰው ጸሎት ቤቱ የት እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ከበሮው ይመራዋል። አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ሴቶች መስቀል የተሰፋበት ሰንደቅ ይዘው፣ ተሰልፈው፣ እግራቸውን በከበሮው ምት እያነሱ እየጣሉ በአቧራው መንገድ ይመጣሉ። ልጆች ከኋላ ይከተላሉ። ባሮ ዳር ያለችው ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ500 ሜትር ብዙም አትርቅምና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ከረፋዱ ጀምሮ ቆርቆሮው ይፋጃል። መዘምራኑ ግን ይህ ግድ አይሰጣቸውም።

መዝሙሩ ሲያበቃ የምስክርነት ጊዜ ይሆናል። ማይክራፎኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዱ ታሞ ነበር፣ ድኗል። አንዷ ልጇ ጠፍቶባት ነበር፣ ተገኝቷል። ሌላው አረቄ ያንገላታው ነበር፣ ትቶታል። ጉባኤው በእልልታና በጭብጨባ ይቀበላቸዋል። መልካም ልማድ ነው፤ ሰው ደስታውን ብቻውን እንዳይዘው ያደርጋል። ልብ ብሎ ያደመጠ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል፤ የሚመሰከረው ሁሉ ያለፈ ነገር ነው። ሕመሙ ድኖ፣ ታሪኩ አልቆ፣ መጨረሻው አምሮ ነው መድረክ ላይ የሚወጣው። «እስካሁን ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ጸልዬ ጸልዬ ታከተኝ» የሚል ሰው ማይክራፎን ጨብጦ ማየት ብርቅ ነው። አዲስ አበባም ሐዋሳም ያው ነው። ጋምቤላ ላይ ግን ዝምታው የሚያስከፍለው ዋጋ ይከብዳል።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ክልሉ ውስጥ ከ300 ሺሕ በላይ ሕዝብ ይኖር ነበር። ከመቶው 70 ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 17 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ ከ3 የሚበልጠው ካቶሊክ ነኝ ብሏል። ከአሥር ሰው ዘጠኙ ክርስቲያን የሆነበት አገር ማለት ነው። ይኸው ሕዝብ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ያየውን ለመቁጠር ደግሞ ጣት አይበቃም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ አኙዋዎች የተገደሉበት ዕለት አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ሱዳን የተቀጣጠለው ጦርነት በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ሴቶችና ልጆች፣ ድንበር አሻግሮ በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጀዊና በንጉኒየል መጠለያዎች አሰፈረ። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የገቡ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን መንደሮች ላይ ዘምተው ከ200 በላይ ሰዎች ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናት ይዘው ሄዱ፤ ከብቱን ነዱ። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተማዋ ራሷ የጦር ሜዳ ሆና ዋለች። በእነዚህ መካከል ደግሞ በክልሉ ሕዝቦች፣ በአኙዋና በኑዌር መካከል በየጊዜው የሚያገረሸው ግጭት፣ በክረምት ከአፋፉ እየወጣ ቤት የሚያፈርሰው የባሮ ውኃም አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረገው ግምት፣ ግጭት ባለበት አገር ከሚኖሩ ሰዎች መካከል በማንኛውም ጊዜ ከአምስቱ አንዱ የድብርት፣ የጭንቀት ወይም ሌላ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይናገራል። ይህን ስሌት ይዛችሁ የእሁዱን ጉባኤ በዓይናችሁ ቃኙት። በየረድፉ አንድ ሁለት ሰው አለ ማለት ነው። ከበሮውን የሚመታው ይሆናል። የሚሰብከው ቄስ ይሆናል።

*

ለምን አይናገሩም? የመጀመሪያውን መልስ ከእምነቱ በፊት ባለው አስተዳደግ ላይ እናገኘዋለን። በኑዌር ልማድ ልጅ ጎልማሳ የሚሆነው ግንባሩ ከጆሮ እስከ ጆሮ በስድስት መስመር ሲቀደድ ነበር። ልጁ በጀርባው ይተኛል፤ ቢላው አጥንት እስኪነካ ይሄዳል፤ እሱ ግን መቆራጠጥ የለበትም። ካቃሰተ ስሙ ይጠፋል። ልማዱ ዛሬ በትምህርትና በቤተ ክርስቲያን ተጽዕኖ እየቀረ ነው፤ ትምህርቱ ግን ከጠባሳው ይልቅ ይዘልቃል። ወንድ አያቃስትም። ደገኛውም ቢሆን «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ያደገ ነውና በኑዌሩ ላይ የሚፈርድበት አፍ የለውም።

ነገር ግን ይኸው ኩሩ ሕዝብ ድካምን አምኖ የመናገር የራሱ ጥልቅ ሥርዓት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከኑዌሮች ጋር የኖረው እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ (በኋላ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ የአኙዋ ተዋጊዎችን እየመራ በዚሁ ድንበር የተዋጋው ማለቴ ነው) እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ ኑዌር ሃይማኖት ባሳተመው መጽሐፍ አንድ የሚያስገርም ነገር መዝግቧል። ኑዌር በሰው ፊት አንገቱን አይደፋም፤ በእግዚአብሔር፣ እነሱ ኩዎት በሚሉት ፊት ግን ራሱን እንደ ጉንዳን ያያል። ትንሽ፣ የማያውቅ፣ በቀላሉ የሚረገጥ። ሚስዮናውያን ሳይመጡ የነበረ አስተሳሰብ ነው።

ከዚህም የሚጠልቅ አለ። ሰው የገደለ ሰው የሟቹ ደም ወደ ሰውነቱ ገብቷል ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ እህል አይቀምስም፤ ውኃ አይጠጣም። በቀጥታ የሚሮጠው የነብር ቆዳ ወደሚለብሰው የምድር ሹም ቤት ነው። እዚያ ገድያለሁ ይላል። ሹሙ የዓሣ መውጊያ ጦር ወስዶ የገዳዩን ክንድ ከትከሻው ቁልቁል ይተለትለዋል፤ ደም ይፈሳል፤ የሟቹም ደም አብሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው ውኃ የሚጠጣው። ከበቀል ተጠልሎ እዚያው ይቆያል፤ ሽምግልናው፣ የደም ካሣው የከብት ቁጥር፣ እርቁ ከዚህ ይቀጥላል። ያልተናዘዘ ገዳይ ግን ሥርዓቱ እንደሚለው በራሱ ላይ ሞት ጠርቷል።

ይህን ሥርዓት ያናጋው ወንጌል አይደለም፤ ጠመንጃ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሻሮን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናቷ እንደምትተርከው፣ በ1980ዎቹ የሱዳን ጦርነት የአማጺው ጦር አዛዦች ለኑዌር ወጣቶች አዲስ ትምህርት አመጡ። በመንግሥት ጦርነት የተገደለ ሰው ደም አያረክስም፤ የምድር ሹም ዘንድ መሄድ፣ ክንድ ማስተልተል፣ ካሣ መክፈል አያስፈልግም ተባለ። ከዚህ በላይ ለጦርነት የተመቸ ነገረ መለኮት አላውቅም። ወጣቱ ገደለ፤ ውኃውንም ጠጣ። ክንዱ ላይ የወረደ ጦር የለም፤ የነገረውም ሰው የለም። ያ ደም ግን የት ሄደ? በኋላ ጠመንጃውን ጥሎ ድንበር ተሻግሮ ኢታንግ የስደተኞች መጠለያ የገባው፣ ዛሬ አባት ብሎም አያት የሆነው፣ እሁድ ሰንደቅ ተከትሎ የሚዘምረው ያ ወጣት ነው።

*

የፕሮቴስታንቱ ወንጌል ጋምቤላ የገባው በአብዛኛው ከሱዳን በኩል ነው። አሜሪካዊው ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናዊ ዶን ማክሉር በአኮቦ በአኙዋዎች መካከል ሲያገለግል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ ከጋምቤላ በታች ባሮ ዳር ፖክዎ ላይ ጣቢያ ከፈተ። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና እርሻ ከጸሎት ቤቱ ጎን ነበሩ። የዚህ አቀማመጥ ትርጉም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ክሊኒክ በር ላይ የሚቆም ሰው መጀመሪያ የሚናገረው «አመመኝ» የሚለውን ነው። ማክሉር ራሱ መጋቢት 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በታጣቂዎች ተገደለ። ሚስዮኑ የተከለው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሕዶ ነበር። መካነ ኢየሱስ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ ስብከትን ከልማት፣ ነፍስን ከሥጋ መነጠል ስሕተት ነው የሚል ደብዳቤ ለውጭ አጋሮቿ ጽፋለች። በየጉባኤው ሲጠቀስ የሚውለው ይህ የሁለንተናዊ አገልግሎት ደብዳቤ ነው። የተሰበረ ልብ በዚያ ሁለንተና ውስጥ መግባቱን ግን ብዙዎቻችን አላስተዋልንም። ጉድጓድ ቆፈርን፣ ትምህርት ቤት ሠራን፤ ሌሊት የሚያቃዠውን ሰው ግን «ጸልይ» ብለን ሸኘነው።

መጽሐፉ ራሱ ከዚህ የተለየ ነገር ያስተምራል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት፣ ምዕራፍ 12 ላይ፣ ሥጋውን የሚወጋ እሾህ እንዳለበት፣ ይወገድለት ዘንድ ሦስት ጊዜ እንደለመነ፣ እንዳልተወገደለትም ይናገራል። ይልቁንም የተሰጠው መልስ የእግዚአብሔር ኃይል በድካሙ ውስጥ እንደሚሠራ ነው። ያልተፈወሰ ሐዋርያ አለመፈወሱን ለጉባኤ በደብዳቤ ሲያስነብብ አስቡት። በኛ የምስክርነት ሰዓት ይህ ደብዳቤ ማይክራፎን የሚያገኝ አይመስለኝም። መዝሙር 88ም (በግእዙ አቆጣጠር 87 ነው) እንደሌሎቹ በምስጋና አይዘጋም፤ በጨለማ ያበቃል። ያም ሆኖ ከመጽሐፉ አልወጣም።

በዚህ ላይ ተመሥርተው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችና የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች አንድ የአገልግሎት መመሪያ አዘጋጁ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ናይሮቢ ታትሞ ከዚያ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ተዳረሰ። ሐሳቡ የመነጨው ጦርነት ያዩ የአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ምዕመናኑን በምን እንርዳ ብለው በመጠየቃቸው ነው። የሥራው እምብርት ቀላል ነው። ሰዎች በትንንሽ ቡድን ይቀመጣሉ። ሰሚው ሦስት ጥያቄ ብቻ ይይዛል፤ ምን ሆነ? ያኔ ምን ተሰማህ? ከሁሉ የከበደህ የቱ ነበር? አይመክርም፣ አይገሥጽም፣ ጥቅስ አያቀርብም፣ «የእኔስ አይብስ» አይልም። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ጊዜ ያልተጠበቀ መልስ ይመጣል። ቤቱ ተቃጥሎበት፣ ወንድሙ ተገድሎበት፣ ከሁሉ የከበደው ግን ሲሸሽ አሮጊት እናቱን ትቶ መሄዱ ሊሆን ይችላል። ያንን ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ኀዘን ብቻ ሳይሆን ኀፍረትም ነውና።

ቀጥሎ ሰቆቃ ይጻፋል፤ የማይጽፍ በቃሉ ያወጣዋል። ለእግዚአብሔር ቅሬታን የማቅረብ መዝሙር መሆኑ ነው። ለከብቱ፣ ለዘመቻው፣ ለፍቅሩ ሁሉ የራሱን ዘፈን እየደረሰ ለኖረው የኑዌርና የአኙዋ ሰው ይህ ባዕድ አይደለም። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ሕመሙን በወረቀት ጽፎ ወደ እንጨት መስቀል ያመጣዋል፤ ወረቀቱም ይቃጠላል። የምድር ሹሙን ጦር ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ ሩቅ አይሆንበትም። ያኔም የተመረዘው ነገር ከሰውነት የሚወጣበት፣ ውኃ መጠጣት የሚቻልበት ሰዓትና ቦታ ነበረ። እንደኔ ግምት ወንጌሉ ጋምቤላ ላይ ሥር መስደድ ያለበት እዚህ ጋ ነበር፤ ከልማዱ ጋር ሲጣላ ብዙ ዘመን ፈጀ እንጂ።

*

ይህ ሁሉ ስሜት ብቻ አይደለም። ስደተኞቹ የሚመጡበት ሕዝብ ላይ የተሞከረ ነገር አለ። በሰሜን ዩጋንዳ ራይኖ መጠለያ የሚኖሩ 700 ገደማ የደቡብ ሱዳን ሴቶች የተካተቱበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ዘዴ፣ በአምስት ሳምንት፣ አጭር ሥልጠና ባገኙ ሰዎች አመቻቺነት፣ ከሃያ እስከ ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች በአንድነት ተቀምጠው የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ ጭንቀትን መቋቋም ተለማመዱ። ከሦስት ወር በኋላ ሲለካ ጭንቀታቸው ይህን ካላገኙት ይልቅ ቀንሶ ነበር። ሐኪም በሌለበት አገር ተራ ሰው በተራ ቦታ የሚያደርገው እገዛ ውጤት እንዳለው ያሳያል።

ጥናት ሌላም ያስተምራል፤ ይህኛውን ቤተ ክርስቲያን ባትወደውም መስማት አለባት። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው አስቀምጦ «ተናገር፣ አውጣው» እያሉ ማስጨነቅ አይጠቅምም፤ አንዳንዱን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን አይመክርም። እንባ ካልፈሰሰ መንፈስ አልሠራም ብሎ የሚገፋ አገልጋይ እየፈወሰ ሳይሆን እያቆሰለ ነው።

ማይክራፎኑን የምፈራውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከሩዋንዳ ተነሥቶ ዩጋንዳን፣ ኬንያንና ታንዛኒያን ያዳረሰው የምሥራቅ አፍሪካ መነቃቃት በአደባባይ ኑዛዜ ላይ የቆመ ነበር። ጳጳስና ገበሬ፣ ነጭና ጥቁር ጎን ለጎን ኀጢአታቸውን ተናዘዙ፤ በቅኝ ግዛት ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። እየቆየ ግን አደባባዩ የራሱን ግዴታ አመጣ፤ ያልተናዘዘ ያልዳነ ሆኖ ይታይ ጀመር። በትንሽ ከተማ ደግሞ በማይክራፎን የተነገረ ነገር ሰኞ ጠዋት ገበያ ላይ ነው። የተደፈረች ሴት፣ በኤችአይቪ የተያዘ አባወራ፣ ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ወጣት ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ዝም ይላሉ።

እዚህ ላይ ፕሮቴስታንቱ ከኦርቶዶክሱ ቢማር ምንም አይጎድልበትም። በጋምቤላ ያለው ደገኛ ምዕመን የንስሐ አባት አለው። የነገራቸው ነገር ከእሳቸው አይወጣም፤ ማውጣታቸው በሥርዓቱ ከባድ በደል ነው። ካቶሊኩም እንዲሁ ነው። የክልሉ የካቶሊክ ጳጳስ የነበሩትና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በኮቪድ ጣሊያን ውስጥ ያረፉት አቡነ አንጄሎ ሞሬስኪ፣ ሕዝቡ አባ መላኩ ሲል ይጠራቸው የነበሩት፣ ቤተ ክርስቲያናቸው የያዘችው ሥርዓት ይኸው የተዘጋ ጆሮ ነው። የፕሮቴስታንቱ ተሐድሶ የካህኑን መካከለኛነት ሲሽር ጆሮውንም አብሮ ጣለው፤ በምትኩ አምፕሊፋየር ገዛ። ሰው «በሽታውን የሰወረ መድኃኒት የለውም» እያለ ይተርታል፤ እውነት ነው፤ ግን መድኃኒተኛውም ወሬኛ መሆን የለበትም።

አንድ ነገር በጥብቅ መነገር አለበት። ድካምን ማመን ከሐኪም መሸሽ አይደለም። ድምፅ የሚሰማ፣ ለሳምንታት ያልተኛ፣ መሞት የሚመኝ ሰው በጸሎት ብቻ መያዝ የለበትም። «እምነት ካለህ ክኒኑን ጣል» የሚል አገልጋይ ጳውሎስ እሾሁን ይዞ እንዳገለገለ ረስቷል። መድኃኒት መዋጥም ደክሜአለሁ የማለት አንዱ መንገድ ነው። ከአገልጋዮቹም የሚጠበቅ አለ። ቄስ፣ ወንጌላዊ፣ ሽማግሌ የራሱን ድካም ለአንድ ታማኝ ወንድም ካልተናገረ ምዕመኑ ይናገራል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

*

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በጋምቤላ አኙዋው በአኙዋኛ፣ ኑዌሩ በኑዌርኛ፣ ደገኛው በአማርኛ ያመልካል። በቋንቋ ማልቀስ ተገቢ ነው፤ ሰው በሌላ ቋንቋ ልቡ አይወጣም። ችግሩ በየቋንቋችን የምናለቅሰው የተደረገብንን ብቻ መሆኑ ነው። «ገደሉብን» ማለት ያማል፤ «ገድለናል» ማለት ግን ክንድ ያስተለትላል። የምድር ሹሙ ደጅ ላይ የሚነገረው ሁለተኛው ነበር።

ይህን በአማርኛ የምታነቡ ሰዎች፣ እኔም ጭምር፣ ከዚህ ራሳችንን ማውጣት አንችልም። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. መጀመሪያ ስምንት ሰዎች ከጋምቤላ ውጭ መንገድ ላይ አድፍጠው በጠበቁ ታጣቂዎች ተገደሉ፤ አስከሬናቸው ከተማ ገባ። በታኅሣሥ 3 ወታደሮችና የከተማዋ ደገኞች ምንም ያላደረጉ አኙዋዎችን በየቤቱ እያሳደዱ ገደሉ፤ ቤቶች ነደዱ። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የሟቾችን ቁጥር 65 አለ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ዘገባ እስከ 424 እንደሚደርስ ጠቀሰ። ከገዳዮቹ መካከል አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ እሁድ ጸሎት ቤት የሚሄድ አልነበረም ማለት አይቻልም።

ታኅሣሥ 3 በየዓመቱ ይመጣል። በጋምቤላም ሆነ በአዲስ አበባ በአማርኛ የሚሰበሰቡ ጉባኤዎች፣ አጥቢያዎችና ማኅበራት በዚህ ዕለት አንድ ሰዓት ይመድቡ፤ ከአኙዋ ወገን አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ይጋብዙ፤ ማይክራፎኑን አጥፍተው ሦስቱን ጥያቄዎች ይጠይቁ፤ መልሱን እስከ መጨረሻው ይስሙ። ማስተባበያ አያዘጋጁ።